ለቤታችን ምን ያህል ማቀዝቀዣ ይበቃል? የድሬዳዋ ቤቶች ሒሳብ



ግንቦትና ሰኔ ሲገባ ድሬዳዋ ላይ ከዙሁር ሶላት የሚመለስ ሰው ጥላ ጥላውን እየመረጠ ነው የሚሄደው። ከቀኑ 7 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ሙቀቱ በጥላ ሥር 35 እና 36 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። ቤት ገብቶ ማረፍም ቀላል አይደለም፤ ጣራው ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ከሆነ ውስጡ ከውጭው ጥላ የባሰ ነው። ለዚህም ነው ቀድሞ በሆቴልና በመሥሪያ ቤት ብቻ እናየው የነበረው ኤር ኮንዲሽነር ወደ መኖሪያ ቤቶቻችንም እየገባ ያለው።

ይሁን እንጂ መሣሪያው ውድ ነው። ገንዘቡ የሚገኘው ዕቁብ ሲወጣ ነው፤ ወይም ዐረብ አገር ያለች እህት ወይም ልጅ ከደመወዟ ቀንሳ ስትልክ ነው። በዚህ መልክ የተገኘ ገንዘብ ይዘን ሱቅ ስንገባ የሚጠብቀን ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ "ክፍሉ ስንት በስንት ነው?" 4 በ5 ነው ስንል "እንግዲያው 18 ሺው ይሻልዎታል" ይባላል፤ ይከፈላል፤ ይጫናል። ስለ ጣራው የጠየቀ የለም። መስኮቱ በየት በኩል እንደሆነ፣ ክፍሉ ውስጥ ከሰል ይያያዝ እንደሆነ የጠየቀ የለም። እነዚህ ግን ከክፍሉ ስፋት ይልቅ ዋጋውን የሚወስኑት ነገሮች ናቸው። ዛሬ ይህን ሒሳብ አብረን እንሠራለን፤ ከመደመርና ከማባዛት በላይ የሚጠይቅ ነገር የለበትም።

የበረዶው ሚዛን

በመሣሪያው ካርቶን ላይ 9,000፣ 12,000፣ 18,000 ወይም 24,000 ቢ.ቲ.ዩ. የሚል ጽሑፍ አለ። ይህ ቁጥር መሣሪያው በአንድ ሰዓት ውስጥ ከክፍሉ አውጥቶ ሊጥለው የሚችለውን የሙቀት መጠን ይናገራል። ማቀዝቀዣ ብርድ የሚፈጥር ዕቃ አይደለም፤ ሙቀት ተሸክሞ ወደ ውጭ የሚያወጣ ተሸካሚ ነው ብንል ይቀርባል። ወደምናውቀው የመብራት መለኪያ ስንመልሰው 1 ዋት 3.4 ቢ.ቲ.ዩ. በሰዓት ይሆናል። ስለዚህ 12,000 ቢ.ቲ.ዩ. የሚባለው መሣሪያ 3,500 ዋት ያህል ሙቀት ያወጣል ማለት ነው።

ይኸው 12,000 ቢ.ቲ.ዩ. በባለሙያዎች ዘንድ "አንድ ቶን" ይባላል። ብዙዎች የመሣሪያው ክብደት ይመስላቸዋል። ነገሩ የመጣው ግን ከበረዶ ነጋዴዎች ነው። መሣሪያው ከመፈልሰፉ በፊት አዳራሽና ሥጋ ቤት የሚቀዘቅዘው ከሐይቅ ተቆርጦ በመጣ በረዶ ነበር። አንድ የአሜሪካ ቶን (907 ኪሎ) በረዶ በ24 ሰዓት ውስጥ ቀልጦ ሲያልቅ የሚወስደው ሙቀት በሰዓት 12,000 ቢ.ቲ.ዩ. ነው። መሣሪያው ሲመጣ ሰዎች "የስንት ቶን በረዶ ሥራ ይሠራልናል?" ብለው ጠየቁ፤ ስሙም በዚያው ቀረ።

እዚህ ላይ አንድ የዘመን ግጥጥሞሽ ማንሳት ይቻላል። የምድር ባቡሩ ሐዲድ ድሬዳዋ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 ማብቂያ ላይ ነው፤ ከተማይቱም የተቆረቆረችው በዚሁ ምክንያት ነው። በዚያው ዓመት ዊሊስ ካሪየር የተባለ ወጣት አሜሪካዊ መሐንዲስ ኒውዮርክ፣ ብሩክሊን ውስጥ ለሚገኝ አንድ ማተሚያ ቤት የመጀመሪያውን ዘመናዊ የአየር ማስተካከያ ነደፈ። ዓላማው ሰውን ማቀዝቀዝ አልነበረም። የበጋው እርጥበት ወረቀቱን እያሳበጠ ቀለሙ ከቦታው ይዛነፍ ስለነበር ያንን ለማስቀረት ነው። የእኛዎቹ የከዚራ የባቡር ቤቶች ግን ያለ ካሪየር መሣሪያ ነው የተሠሩት፤ ወፍራም ግድግዳ፣ ከፍ ያለ ጣራ፣ ሰፊ በረንዳና የዛፍ ጥላ ነበር መሣሪያቸው። እነዚያን ቤቶች ገብቶ ያየ ሰው ከዚህ በታች የሚመጣውን ሒሳብ ግማሹን ያውቀዋል።

ሙቀቱ በየት በኩል ይገባል?

ትልቁ በር ጣራው ነው። ድሬዳዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይ ቀትር ላይ አናታችን ላይ ናት። የቆየና የዛገ ቆርቆሮ ቀትር ላይ ከ60 ዲግሪ በላይ ሊሞቅ ይችላል፤ ቆርቆሮ ላይ የወጣ ልጅ ይመሰክራል። ከሥሩ ኮርኒስ ከሌለ ያ የጋለ ብረት ሙቀቱን በቀጥታ ወደ ተቀመጡት ሰዎች ይረጫል።

ሁለተኛው ጉዳይ የፀሐይዋ አቅጣጫ ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ የተጻፉ መጻሕፍት ሁሉ "የደቡብ መስኮታችሁን ከልሉ" ይላሉ። ለእነሱ ልክ ነው፤ ለእኛ ግን አይሠራም። ከሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንት እስከ ነሐሴ ሦስተኛ ሳምንት ድረስ የቀትር ፀሐይ በድሬዳዋ ላይ የምታልፈው በስተሰሜን በኩል ነው። የሚያቃጥሉን ወራት ደግሞ እነዚሁ ናቸው። ሰሜንን ለማወቅ ኮምፓስ አያስፈልግም፤ ከድሬዳዋ ቂብላ ወደ ሰሜን፣ ጥቂት ወደ ምዕራብ ዘንበል ያለ ነው። በመሆኑም ቤታችሁ ውስጥ ለሶላት ስትቆሙ ከፊታችሁ ያለው ግድግዳ በሙቀቱ ወራት ቀትር ላይ ፀሐይ የሚያገኘው ግድግዳ ነው። በስተግራችሁ ያለው ደግሞ የምዕራቡ ነው፤ ክፉው እሱ ነው። ከዐስር በኋላ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ስለምትመጣ የጣራ ክፈፍ አያግዳትም፤ በመስኮቱ ቀጥ ብላ ትገባለች።

ከዚህ በተረፈ ሙቀት የሚመጣው ከሰው፣ ከመብራት፣ ከቴሌቪዥን፣ ከፍሪጅና በበር ሽንቁር ከሚገባው የውጭ አየር ነው። ዝም ብሎ የተቀመጠ አንድ ሰው 100 ዋት ያህል ሙቀት ይሰጣል፤ ልክ እንደ ድሮው ባለ 100 ዋት አምፑል።

የአንዲት እናት ክፍል

ሳቢያን አካባቢ የሚኖሩ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት አሉ። ጂዳ የምትሠራ ልጃቸው ለማቀዝቀዣ ብላ ገንዘብ ላከችላቸው። "ኡስታዝ፣ ልጄ 18 ሺውን ግዙ ብላለች፤ እሷ ያለችበት ቤት እሱ ነው አሉ። እስቲ አንተ እየው" አሉኝ። ልጅቱ ያለችው ስሕተት አይደለም፤ የጂዳው ቤት ግን ጣራው ኮንክሪት ነው፣ አየሩም የባሕር ዳር እርጥብ አየር ነው። የእናትየው ክፍል 4 በ5 ሜትር ነው፤ ቁመቱ 2.80። ግድግዳው የተለሰነ ብሎኬት፣ ጣራው ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ። ሁለት ግድግዳዎቹ ወደ ውጭ ናቸው፤ ባለ 4 ሜትሩ በምዕራብ፣ ባለ 5 ሜትሩ በሰሜን። በምዕራቡ ላይ 1.8 ካሬ ሜትር የሆነ መስታወት መስኮት አለ። ማታ ማታ አምስት ሰው ይቀመጥበታል።

ወረቀት ይዘን ተቀመጥን። ውጭው 36 ዲግሪ፣ ውስጡ 26 ዲግሪ ይሁን አልን። 26 ከተገኘ በቂ ነው፤ 18 ዲግሪ ላይ አድርጎ ብርድ ልብስ የሚደርብ ሰው ለምን እንደዚያ እንደሚያደርግ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ሒሳቡ የሚሠራው እንዲህ ነው። ስፋቱ በካሬ ሜትር ይወሰዳል፤ በሁለቱ ወገን ባለው የሙቀት ልዩነት ይባዛል፤ ከዚያም ዕቃው ሙቀት በሚያሳልፍበት ቁጥር ይባዛል። ይህ ቁጥር 1 ካሬ ሜትር በ1 ዲግሪ ልዩነት ስንት ዋት እንደሚያሳልፍ የሚነግረን ነው። ለባዶ ቆርቆሮ 4.8 ያህል ነው። ከሥሩ ቺፕውድ ኮርኒስ ሲመታ፣ በመካከል ያለው አየር ስለሚያግዝ፣ ወደ 2.2 ይወርዳል። በኮርኒሱ ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የመስታወት ሱፍ ወይም ፎም ሲነጠፍ 0.6 ይሆናል። ለተለሰነ ብሎኬት 2.4 ብንይዝ አንሳሳትም።

የፀሐዩን ጨምረን ጣራውን 60 ዲግሪ እንበለው። ልዩነቱ 34፣ ስፋቱ 20 ካሬ ሜትር ነው። በባዶ ቆርቆሮ 3,260 ዋት ይገባል። ቺፕውድ ቢመታ 1,500። ሱፍ ቢጨመር 400። እናትየው ቁጥሩን ሳነብላቸው "ይህ ሁሉ በጣራ?" አሉ። አዎን፣ ይህ ሁሉ በጣራ ነው።

የምዕራቡ ግድግዳ መስኮቱ ተቀንሶ 9.4 ካሬ ሜትር ነው፤ ፀሐይ ስለሚመታው 20 ዲግሪ ልዩነት ያዝንለት፤ 450 ዋት መጣ። ሰሜኑ 14 ካሬ ሜትር በ12 ዲግሪ ልዩነት 400 ዋት፤ ድምር 850። በምዕራብ ፀሐይ 1 ካሬ ሜትር መስታወት 500 ዋት ገደማ ስለሚያስገባ መስኮቱ 900 ዋት ሆነ። አምስት ሰው 500፤ መብራትና ቴሌቪዥን 150፤ በሽንቁር የሚገባው አየር 250።

አሁን እንደምር። ክፍሉ እንዳለ ከተተወ 5,910 ዋት፣ ማለትም ከ20,000 ቢ.ቲ.ዩ. በላይ ነው። ልብ በሉ፤ የተባለው 18 ሺው እንኳ አይበቃውም! ቺፕውድ ብቻ ቢመታ 4,150 ዋት፣ ወይም 14,000 ቢ.ቲ.ዩ. ገደማ ይሆናል። ኮርኒሱ ሱፍ ቢነጠፍበትና መስኮቱ ከውጭ ቢጋረድ (ያኔ የመስኮቱ 900 ወደ 300 ይወርዳል) ጠቅላላው 2,450 ዋት፣ 8,400 ቢ.ቲ.ዩ. ነው። ይህ ደግሞ የገበያው ትንሹ መሣሪያ፣ የ9,000ው፣ የሚችለው ነው። ያው ክፍል ነው፤ ያው ሰዎች ናቸው።

ጥንቁቅ አንባቢ "ከ8,400 እስከ 9,000 ያለው ትርፍ ጠባብ ነው" ሊል ይችላል። ነገር ግን የደመርናቸው ሙቀቶች ሁሉ በአንድ ሰዓት ጫፍ ላይ አይደርሱም። ጣራው ቀትር ላይ ይግላል፤ የምዕራቡ መስኮት 10 ሰዓት ላይ፤ አምስቱም ሰዎች የሚሰበሰቡት ከመግሪብ በኋላ ነው። ትርፉ እዚያ ውስጥ አለ። አሜሪካኖች "ማኑዋል ጄ" በሚባለው የተቋራጮች ማኅበራቸው መመሪያ ይህንኑ በዝርዝር ያሰሉታል፤ ለአንድ ክፍል ግን የእኛ ወረቀት ይበቃል።

በገንዘቡ ኮርኒሱ ተመታ፣ ሱፉ ተነጠፈ፣ ትንሹ መሣሪያ ተገዛ። አንድ ነገር ብቻ አከራከረን። ለመስኮቱ የቆርቆሮ መከለያ እናድርግ ስንል እናትየው አሻፈረኝ አሉ፤ "በር ላይ ማን እንደመጣ ሳላይ!" አሉ። በመጨረሻ ከመስኮቱ ውጭ የሚጠቀለል ሰሌን ተሰቀለ፤ ከ9 ሰዓት በኋላ ይወርዳል፣ ለመግሪብ ይጠቀለላል። መሣሪያው ከገባ ሁለት የሙቀት ወራት አልፈዋል። በግንቦት ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ያለ ማቋረጥ ይሠራል፤ ማታ ግን ያርፋል። ልኩን ያገኘ መሣሪያ ጠባዩ እንዲህ ነው።

ሰሌኑ ከውጭ መሆኑን አደራ። በውስጥ በኩል የሚሰቀል ወፍራም መጋረጃ ፀሐይዋን የሚይዛት ከገባች በኋላ ነው፤ መጋረጃው ራሱ ይሞቅና ክፍሉን ያሞቃል። ጥቅም የለውም አልልም፤ ከውጭው ግን ግማሹን እንኳ አይሠራም። ፎም የሚያነጥፉ ደግሞ ከኤሌክትሪክ ገመድ ያርቁት፤ ፎም በቀላሉ ይቀጣጠላል። ለኮርኒስ አቅም የሌለው ቤተሰብ ቆርቆሮውን ነጭ ቀለም ቢቀባ ፀሐይዋን መልሶ ይተፋታል፤ ይህም ከምንም የተሻለ ትልቅ እፎይታ ነው። ከኮርኒሱ በላይ ያለውም አየር እንዳይታፈን በሁለቱ ጫፍ ወንፊት የተደረገባቸው ቀዳዳዎች ያስፈልጋሉ።

ከሰል

እዚህ ላይ ቆም ብለን መነጋገር ያለብን ጉዳይ አለ። ብዙ ቤቶች ውስጥ ቡናው ወይም ሆጃው የሚፈላው፣ ዕጣኑም የሚጤሰው ሰው በተቀመጠበት ክፍል ነው። በሒሳብ ብቻ እንኳ ብናየው 1 ኪሎ ከሰል ሲነድ 8 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ይሰጣል። በሰዓት 300 ግራም የሚነድበት ምድጃ ወደ 2,400 ዋት ገደማ ነው፤ ማለትም የእናትየውን ክፍል ጠቅላላ ሙቀት ያህል፣ በአንዲት ምድጃ። የትኛውም 9,000 ቢ.ቲ.ዩ. አይችለውም።

ዋናው ነገር ግን ሙቀቱ አይደለም። ያለ ማቀዝቀዣ እንኖር በነበረ ጊዜ በርና መስኮቱ ክፍት ነበር፤ የከሰሉ ጋዝ ይወጣ ነበር። ኤር ኮንዲሽነር ሲገባ ቤቱ ይዘጋል። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው መሣሪያ ደግሞ ያንኑ የክፍሉን አየር እያዞረ ያቀዘቅዛል እንጂ አዲስ አየር ከውጭ አያስገባም። በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚነድ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሰጣል፤ ሽታ የለውም፣ አይታይም። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ከዚያም እንቅልፍ የሚመስል ነገር፣ ከዚያም ሞት ያመጣል። ነፍሰ ጡርና ሕፃን ቀድመው ይጎዳሉ። ቅዝቃዜው ራሱ ያታልላል፤ ክፍሉ ስለቀዘቀዘ ሰው አየሩ ንጹሕ ይመስለዋል። ስለዚህ ማቀዝቀዣ ያለበት ክፍል ውስጥ ከሰል አይግባ። ፍሙ "ረግቷል" ማለትም መልስ አይደለም፤ ጭስ የሌለው ፍም ይበልጥ የሚያዘናጋ ነው። ቡናው በረንዳ ላይ ይፈላ፣ ጀበናው ብቻ ይግባ።

ሲበዛም ይጎዳል

"ትልቁን ብገዛ ምን ይጎዳኛል? ቶሎ ያቀዘቅዝልኛል" የሚል አስተያየት ብዙ ጊዜ ይሰማል። ትልቅ መሣሪያ ትንሽ ክፍል ውስጥ ሲገባ በጥቂት ደቂቃ አየሩን ያቀዘቅዝና ይቆማል፤ ግድግዳው ግን ገና እንደጋለ ነው፤ ወዲያው ተመልሶ ይነሳል። ይህ መነሳትና መቆም ኮምፕሬሰሩን ይፈጀዋል። እርጥበትም በደንብ አያወጣም፤ ምክንያቱም ከአየሩ ውስጥ ውሃ የሚያወጣው ረጋ ብሎ ለረጅም ጊዜ ሲሠራ ነው። ኢንቨርተር የሚባሉት አዳዲሶቹ ፍጥነታቸውን ዝቅ ማድረግ ስለሚችሉ ይህን ችግር ያቀልሉታል፤ እነሱም ግን ከዚያ በታች የማይወርዱበት ወለል አላቸው።

ለእንግዳ ተብሎም መጨመር አያስፈልግም። በ2008 ዓ.ም. ረመዷን የዋለው ሰኔ ላይ ነበር፤ ለኢፍጣር 12 እና 15 ሰው የሚሰበሰብበት ቤት ብዙ ነው። ሰው ሲጨመር ሙቀት ይጨመራል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ኢፍጣር የሚሆነው በመግሪብ ነው፤ በዚያ ሰዓት የመስኮቱ 900 ዋት ጠፍቷል፣ ጣራውም ቀዝቅዟል። ፀሐይዋ የለቀቀችውን ቦታ ነው እንግዶቹ የሚይዙት።

ብዙ መሣሪያዎች ክረምት ላይ ማሞቅም ይችላሉ፤ ለዚያ ተብሎ ተጨማሪ ይጠየቃል። ለድሬዳዋ ሰው ይህ ገንዘብ መጣል ነው። በታኅሣሥና በጥር ሌሊት 15 ዲግሪ ገደማ ቢወርድ አንድ ብርድ ልብስ ይበቃል። ደንገጎን ወጥቶ ሐረር ላይ ለሚኖር ደግሞ፣ በተቃራኒው፣ ማቀዝቀዣው ነው የማያስፈልገው።

ቬንትሌተርና የውሃ ማቀዝቀዣ

ከኮርኒስ ላይ የሚንጠለጠለው ትልቁ ቬንትሌተር 70 ዋት ገደማ ነው የሚበላው። አየሩን አያቀዘቅዝም፤ የሚያቀዘቅዘው ሰውን ነው። በሰከንድ 1 ሜትር የሚነፍስ አየር 3 ዲግሪ ያህል የቀዘቀዘ መስሎ ይሰማል። ስለዚህ ሰው የሌለበት ክፍል ውስጥ ሲዞር የሚውል ቬንትሌተር መብራት ከመፍጀት በቀር ጥቅም የለውም። ከኤር ኮንዲሽነር ጋር ግን ጥሩ ጓደኛ ነው፤ መሣሪያውን 28 ላይ አድርጎ ቬንትሌተሩን ማዞር 25 ላይ ከማድረግ ጋር ይቀራረባል። ገደብም አለው። የአየሩ ሙቀት 40 ዲግሪ ሲያልፍ ቬንትሌተር ሰውነትን ማሞቅ እንደሚጀምር የዓለም ጤና ድርጅት ያስጠነቅቃል። ይህ ለድሬዳዋ ብዙም አያሰጋም፤ ለአፋር ቆላ አረጋውያንና ሕሙማን ግን መታወቅ ያለበት ነው።

በውሃ የሚሠራው ማቀዝቀዣ የእንስራው ዘዴ ነው። እንስራ ላብ ሲያወጣ በውስጡ ያለው ውሃ እንደሚቀዘቅዝ ሁሉ፣ በረጠበ ገለባ መሰል ንጣፍ ውስጥ የሚያልፍ አየርም ይቀዘቅዛል። 1 ሊትር ውሃ ሲተን 680 ዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል። የግንቦትና የሰኔ አየራችን ደረቅ ስለሆነ መሣሪያው ሥራውን ይሠራል። አየሩ 35 ዲግሪና እርጥበቱ 25 በመቶ ሲሆን የሚወጣው ነፋስ ወደ 23 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። እርጥበቱ 60 በመቶ ከሆነ ግን ከ29 ዲግሪ በታች ማውረድ ይከብደዋል። ለዚህ ነው በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ሲመጣ "ተበላሸ" ተብሎ የሚታማው፤ አልተበላሸም።

ሁለት ነገር ይጠይቃል። አንደኛ፣ መስኮት ክፍት መሆን አለበት፤ የረጠበው አየር ካልወጣ ክፍሉ የገላ መታጠቢያ ቤት ይሆናል። ሁለተኛ፣ ውሃ። የ2,000 ዋት ሙቀት ለማንሳት በሰዓት 3 ሊትር ያህል ይተናል፤ ለ8 ሰዓት 24 ሊትር። በጀሪካን ውሃ የሚገዛ ቤተሰብ ይህን ያስላ። የድሬዳዋ ውሃ ደግሞ ጨዋማና ኖራ የሚጥል ነው፤ ማንቆርቆሪያችን ውስጥ የምናየው ነጭ ቅርፊት ንጣፉ ላይም ይጋገራል። በየጊዜው ማጠብ ግድ ነው።

ከድሬዳዋ ወዲያ

ካርቶኑ ላይ ያለው ቢ.ቲ.ዩ. የሚለካው አብዛኛውን ጊዜ ውጭው 35 ዲግሪ ሲሆን ነው፤ ይህ ደረጃ ቲ-1 ይባላል። ለድሬዳዋ በቂ ነው። ሰመራ፣ ዱብቲ ወይም አሳይታ ላይ ግን በሰኔ ከ40 በላይ ስለሚሆን መሣሪያው ያለው አቅም ይቀንሳል፤ በጣም ሲግልም ኮምፕሬሰሩ ራሱን ሊያጠፋ ይችላል። ለዚያ አገር ቲ-3 የሚል የተጻፈበት፣ በ46 ዲግሪ የተፈተነ መሣሪያ ነው የሚመረጠው። የባሕረ ሰላጤው አገሮች ገበያ የሚጠቀመው ይህንኑ ነው። የድሬዳዋ ከፍታ፣ 1,200 ሜትር ያህል፣ አየሩን ከባሕር ዳር አየር 13 በመቶ ያህል ስለሚያሳሳው መሣሪያው ከተጻፈው ጥቂት ያንሳል፤ ይህ ግን ትንሽ ክፍል ላይ ትልቁን ለመግዛት ምክንያት የሚሆን አይደለም።

መብራቱና ባለሙያው

9,000 ቢ.ቲ.ዩ. መሣሪያ ከቆጣሪው የሚስበው 850 ዋት ገደማ ነው፤ 18 ሺው 1,700 ዋት። በ220 ቮልት ይህ 4 አምፔር እና 8 አምፔር ገደማ ይሆናል። ኢንቨርተር ያልሆነው ሲነሳ ለቅጽበት ከዚህ ብዙ እጥፍ ይጠይቃል፤ የጎረቤት አምፑል የሚጨልመው ያኔ ነው። በመሆኑም መሣሪያው ከሌላ ሶኬት ጋር መጋራት የለበትም። ከዋናው ሳጥን ጀምሮ የራሱ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ፣ የራሱ ብሬከርና መሬት የገባ ኧርዝ ይኑረው። የአካባቢው ቮልቴጅ ማታ ማታ የሚወርድ ከሆነ ስታብላይዘር ያስፈልጋል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣም ቢያንስ 3 ደቂቃ ሳይቆይ መሣሪያውን ማስነሳት ኮምፕሬሰሩን ያስጨንቃል።

የውጭው ክፍል የት ይቀመጥ? በምዕራብ ግድግዳ ላይ ፀሐይ ውስጥ አይሁን፤ በተዘጋ በረንዳ ውስጥም አይሁን፤ የተፋውን ትኩስ አየር መልሶ ይጠጣልና። በዛፍ ጥላ ሥር፣ ነፋስ በሚያልፍበት፣ የጎረቤትን የመኝታ መስኮት በማይነፋበት ቦታ ይሰቀል። የመዳብ ቱቦውም ባጠረ መጠን ይሻላል።

ገጣሚው ሲመጣ መሰላሉን ከመውጣቱ በፊት "ቫኪዩም ፓምፕ ይዘሃል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁት። ቱቦው ውስጥ ያለው አየርና እርጥበት በፓምፕ ተመጥጦ መውጣት አለበት፤ ጋዙ የሚለቀቀው ከዚያ በኋላ ነው። አንዳንዱ በፓምፕ ፋንታ ራሱን ጋዙን ፍስስ አድርጎ "አየሩ ወጥቷል" ይላል። ውስጥ የቀረው እርጥበት ቀስ በቀስ ዘይቱን ያበላሸዋል፤ ጉዳቱ የሚታየው ገጣሚው ሒሳቡን ተቀብሎ ከሄደ ከዓመት በኋላ ነው። ፓምፑን ካልያዘ ሄዶ ያምጣ።